ብልጭታው ቀድሞ ድምፁ ዘግይቶ፦ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ፍንዳታ ምን ያህል እውነት ነው?

ለሐይቅና ለአምባሰል አድማጮች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ፊልም ነው፤ ከፊልምም ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ ስለ ፍንዳታ። ቀድሞ በቪዲዮ ቤት፣ ኋላም በዲሽ፣ አሁን ደግሞ በየኪሳችን ባለው ስልክ የምናያቸው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች አብዛኞቹ ያለ ፍንዳታ አያልቁም። መንኮራኩር ይፈነዳል፤ ከተማ ይፈነዳል፤ ሲብስም ፕላኔት እንዳለች ትፈነዳለች። ልጆቻችን ፍንዳታ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚያደርግ፣ እንዴትስ እንደሚመለጥ የሚማሩት ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ፊልሞች ነው። ስለዚህ የሚያዩት እውነት ነው ወይስ ለዓይን የተቀመመ ብሎ መጠየቅ ከመዝናኛ ያለፈ ጉዳይ ነው። ለመፍረድ ደግሞ የፊዚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። በዚህ አገር ክረምት ያሳለፈ ሰው ዋናውን መለኪያ በጆሮው ይዞታል።

ሐምሌ ላይ ከአምባሰል አናት መብረቅ ሲበርቅ አስቡ። ብልጭታው ወዲያው ይታያል፤ ነጎድጓዱ ግን ቆይቶ ይመጣል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ከተራራው እኛ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ የወሰደ አይመስልም። ድምፅ ግን አንዱ የአየር ቅንጣት ሌላውን እየገፋ የሚሄድ ነውና በሰከንድ ከ340 ሜትር ብዙም አያልፍም። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ሐይቃችሁ ስፋቱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወዲያኛው ዳር መብረቅ ቢወድቅ በወዲህኛው ዳር የቆመ ሰው ድምፁን የሚሰማው ወደ 18 ሰከንድ ቆይቶ ነው። ተማሪዎች፣ ዘንድሮ ክረምት ሞክሩት፤ ቤት ውስጥ ሆናችሁ፣ ከብልጭታው ጀምራችሁ ሰከንዱን ቁጠሩ፣ የቆጠራችሁትን ለሦስት አካፍሉ። መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደወደቀ ታውቃላችሁ።

ነጎድጓድ ራሱ ፍንዳታ ነው። መብረቅ ያለፈበትን አየር ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያግለዋል፤ ይህ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያህል ነው። እንዲህ የጋለ አየር በነበረበት ስፍራ ሊወሰን አይችልም፤ በኃይል ይለጠጣል፤ በዙሪያው ያለውን አየር ይደቁሰዋል። የምንሰማው ያንን ነው። ቤንዚን የለበትም፣ የሚንቦገቦግ ነበልባልም የለበትም። የመብረቁ መስመር ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ደግሞ ከቅርቡ ጫፍ የተነሣው ድምፅ ቀድሞ፣ ከሩቁ የተነሣው ዘግይቶ ይደርሳል፤ የአምባሰል ገደል የሚመልሰው የገደል ማሚቶም ይታከልበታል። ነጎድጓድ አንዴ ጮኾ የማያበቃው፣ እያጉረመረመ የሚንከባለለው ለዚህ ነው።

አሁን የፊልሙን ፍንዳታ ከዚህ ጎን አቁሙት። ከተማው በሩቅ ይታያል፤ ጀግናው ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ ብልጭታው ሲፈነጥቅ ድምፁም በዚያው ቅጽበት ጆሮን ይደልቃል። አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ለውጥ የለውም። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን የሚያደርጉት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ድምፁ ከዘገየ ተመልካቹ ቅንብሩ የተበላሸ ይመስለዋል ብለው ስለሚሰጉ ነው። እኔ የፊልም ፍንዳታን ከሁሉ በላይ የምከስሰው ግን በዚህ ነው፤ ጊዜን ይሰርቃል። ጊዜው ሲሰረቅ ርቀቱ ይሰረቃል፤ ርቀቱ ሲሰረቅ የፍንዳታው ግዝፈት ይጠፋል። ብልጭታውን ካየን በኋላ ሰላሳ ሰከንድ በጸጥታ ብንጠብቅና ከዚያ ድምፁ ቢደርስ፣ ምን ያህል ሩቅና ምን ያህል ታላቅ እንደነበር ሰውነታችን ራሱ ይረዳው ነበር።

ይህ የጊዜ ልዩነት ሕይወት ያድናል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ጠዋት በሩሲያዋ የቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ፣ ወርዱ 20 ሜትር ያህል የሆነ የጠፈር ድንጋይ ገብቶ ከምድር በላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፈነዳ። ብርሃኑ ለቅጽበት ከፀሐይ በለጠ። ድምፅ አልነበረም። ሰዉ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮቱ ተሰበሰበ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ግን የአየር ግፊቱ ደረሰና የከተማው መስኮት ረገፈ። የተጎዱት 1,500 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹን የቆራረጣቸው መስታወት ነው። አንዲት መምህርት ግን ብርሃኑን እንዳየች 44 ተማሪዎቿን ከዴስክ ሥር እንዲገቡ አዘዘች። መስታወቱ ሲረግፍ እርሷ ክንዷ ላይ ቆሰለች፤ ከልጆቹ አንድም አልተቆረጠም። ያቺ መምህርት ፍንዳታን ከፊልም ብቻ ተምራ ቢሆን ኖሮ፣ ብርሃኑ ካለፈና ድምፅ ካልተሰማ ነገሩ አብቅቷል ብላ ልጆቹን ወደ መስኮቱ ባስጠጋቻቸው ነበር።

መስታወቱን ያረገፈው ነገር አይታይም። ፊልም ደግሞ የማይታየውን ነገር አይወድም፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቡሄ ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ሰምታችኋል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንላለን፤ ጅራፉ ግን ምንም ሳይነካ፣ አየር ላይ ብቻም ይጮኻል። ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ጉልበቱ ሁሉ ጫፉ ላይ ይከማችና ጫፉ ከድምፅ የበለጠ ይፈጥናል። አየሩ ለመሸሽ ጊዜ ያጣል፤ ይታመቃል፤ ያ የታመቀ አየር ጆሯችን ሲደርስ «ጧ» እንሰማለን። ትልቁ ፈንጂም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። የአየሩ ግፊት ከመደበኛው ላይ በመቶ ሰባት እጅ ያህል ብቻ ቢጨምር የመስኮት መስታወት ይሰበራል፤ ሲሶ ያህል ቢጨምር የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ፣ ቤትም ሊፈርስ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ነው።

እንግዲህ የፊልሙን ጀግና ተመልከቱት። ከኋላው የእሳት ግድግዳ እየተንከባለለ ይመጣል፤ እርሱ ይሮጣል፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ዘልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ይተርፋል። በዓለም ፈጣኑ ሯጭ በሰከንድ 12 ሜትር ያህል ነው የሚሮጠው። የግፊቱ ማዕበል ከድምፅ አያንስም፤ ወደ ፈንጂው ሲቀርቡ ደግሞ ከድምፅ እጅግ ይፈጥናል። ከዚያ ጋር የሚወጡት ፍንጣሪዎች ከጥይት አይተናነሱም። ከእውነተኛ ፈንጂ ማንም ሮጦ አያመልጥም። ተዋናዩ የሚያመልጠው ከቤንዚን ነበልባል ነው፤ ከእርሱም በጣም ርቆ ይቆማል፤ ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ ሁለቱን አቀራርቦ ስለሚያሳይ ብቻ ተረከዙን የላሰው ይመስላል።

የቤንዚኑ ነገር ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባዋል። ብርቱካናማ እሳት እየተጠቀለለ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ጥቁር ጭስ የሚያስከትለው የፊልም ፍንዳታ፣ እውነቱን ለመናገር ቃጠሎ ነው። ትንሽ ፈንጂ ቤንዚኑን ይረጨዋል፤ የተረጨው ቤንዚን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል። ጥቁሩ ጭስ በደንብ ያልተቃጠለው ካርቦን ነው። በአንጻሩ የወታደር ወይም የድንጋይ ካባ ፈንጂ የሚቃጠለው ከአየር ኦክስጅን ሳይበደር፣ ከውስጡ ባለው ነው። ቲኤንቲ ሲፈነዳ ፍንዳታው በፈንጂው ውስጥ በሰከንድ 6,900 ሜትር ያህል ይጓዛል። የሚታየው አንዲት ቅጽበታዊ ብልጭታ፣ ከዚያ ግራጫ አቧራና አፈር ነው። ድማሚት ሲፈነዳ ያያችሁ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ አፈሩ ይነሣል፣ ድንጋዩ ይበተናል፤ እሳት ግን ብዙም አይታይም። ለካሜራ ይህ ደስ አይልም። አቧራ ፖስተር ላይ አይወጣም።

ከውስጡ ኦክስጅን ይዞ መነሣት የሚለው ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ባሩድ በተለመደው ቅመማ ከመቶ 75 እጅ ጨው ባሩድ፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው፤ ኦክስጅኑን የሚሰጠው ጨው ባሩዱ ነው። በተዘጋ የመድፍ ሆድ ውስጥ አየር ሳያገኝ የሚቀጣጠለው በዚህ ምክንያት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ባለ እጆች ያሠሩት፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ በዚያ ሁሉ ገደልና አቀበት ተጎትቶ መቅደላ ላይ የወጣው ይህንን የባሩድ ኃይል ተማምኖ ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ከመቅደላ ሥር ባለው በአሮጌ ሜዳ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የእንግሊዝ ባሕረኞች በወሎ ምድር ሮኬት ተኩሰዋል። ከአሜሪካው የሮኬት ማምጠቂያ ከኬፕ ካናቬራል በፊት፣ ከጠፈር ፊልም ሁሉ በፊት፣ የእነዚህ ተራሮች ሰዎች የሮኬትን ጩኸትና የጭሱን ጅራት አይተዋል። ሮኬቶቹ እጅግ ያስፈሩ ነበር። በዚያ ቀን የወደቁትን 700 ያህል ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው የጨረሰው ግን ከኋላው የሚጎርሰው አዲሱ የስናይደር ጠመንጃ ነው። ጎልቶ የታየውና ብዙ የገደለው አንድ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላም ይህ አገር እውነተኛውን ፍንዳታ አውቆታል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። ከተጣሉት ቦምቦች ብዙዎቹ ተቀጣጣይ ነበሩ። ተቀጣጣዩ የሣር ክዳን ቤት ያነዳል፤ ፈንጂው ደግሞ ይደቁሳል፣ ፍንጣሪ ይበትናል። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ፊልም ግን አንድ አድርጎ ያሳያቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ እዚሁ ደጃችሁ ደርሶ ነበር። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የከባድ መሣሪያን ድምፅ ታውቃላችሁ፤ ደረት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ በር እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ሌሊት በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለው ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ያንን ያሳለፈ ሰው ፊት ፍንዳታን እንደ ርችት ማሳየት በእኔ ፍርድ የሳይንስ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ክብር መንሣትም ነው።

ፊልሞቹ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ደግሞ ለመፍረድም ለማድነቅም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» ውስጥ ከጠፈር የመጡት ጠላቶች ከተሞችን ሲያነዱ እሳቱ መንገዱን ሞልቶ እንደ ጎርፍ ይፈስሳል። ያንን ለመሥራት ትንሿን የከተማ መንገድ ሞዴል ገትረው አቆሟት፤ ካሜራውን ከላይ ወደ ታች አነጣጠሩባት፤ እሳቱን ከሥር ለኮሱት። የጋለ ጋዝ ከቀዝቃዛ አየር ስለሚቀልል እሳቱ ሕጉን ጠብቆ ወደ ላይ ወጣ፤ ምስሉ ሲዞር ግን በአግድም የሚጋልብ መሰለ። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ያሳየን ነገር ግን በተፈጥሮ የለም። ዋይት ሐውስን ያፈነዱትም ከእውነተኛው 12 ጊዜ ባነሰ የጀሶ ሞዴል ነው። ትንሽ ነገር ሲፈነዳ ስብርባሪው ቶሎ ስለሚወድቅ ትንሽነቱ ይታወቃል፤ ስለዚህ ካሜራውን በጣም አፍጥነው ይቀርጹና በመደበኛ ፍጥነት ያሳዩታል። ስሌቱም አለው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው 16 ጊዜ ካነሰ ካሜራው 4 ጊዜ መፍጠን አለበት፤ በሰከንድ 24 ፍሬም የነበረው 96 ይሆናል። 4 የ16 ስኩዌር ሩት ነው፤ ምክንያቱም ወዳቂ ነገር የሚያልፈው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ጋር ያድጋል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሊያሰላው ይችላል።

ወደ ጠፈር እንውጣ። እዚያ አየር የለም፤ አየር ከሌለ ድምፅ የሚጓዝበት ነገር የለም። በ«ስታር ዋርስ» ውስጥ መንኮራኩር ሲፈነዳ የምንሰማው ጉርምርምታ በእውነተኛው ጠፈር አይሰማም። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግን ሌላው ላይ ነው፤ ኦክስጅን ስለሌለ በጠፈር ምንም አይፈነዳም የሚሉ አሉ። ባሩዱን አስታውሱ። ኦክስጅኑን በውስጡ የያዘ ነገር በጠፈርም ይፈነዳል፤ የነዳጅና የኦክስጅን ታንክ የተሸከመ መንኮራኩርም እንዲሁ። የሚለየው አኳኋኑ ነው። የሚገድበው አየር ስለሌለ ጋዙ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይስፋፋል፤ ወዲያው ይሳሳል፤ ይጠፋል። ወደ ላይ የሚባል ነገር ስለሌለ እሳቱ አይጠቀለልም፣ ጭሱ አይንሳፈፍም። አንድ ብልጭታ፣ ከዚያ ሁሉ አቅጣጫ የሚበተን ስብርባሪ፤ በቃ።

ይህን በታማኝነት ያሳዩ ፊልሞች አሉ። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ውስጥ ጠፈርተኛው ያለ ራስ ቁር ከትንሿ መንኮራኩር ተወርውሮ ወደ ትልቁ ሲገባ፣ የመዝጊያው ፈንጂ ሲፈነዳ ምንም አይሰማም። ድምፁ የሚመለሰው አየር ወደ ክፍሉ ሲገባ ነው። ሰው ጨረቃን ከመርገጡ አንድ ዓመት በፊት የተሠራ መሆኑን አስቡ። አልፎንሶ ኩዋሮን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «ግራቪቲ» ደግሞ መንኮራኩሮች ሲበጣጠሱ ውጭው ዝም ይላል፤ ጠፈርተኛዋ የምትሰማው በእጇ የነካችው ብረት ያደረሰላትን ንዝረት ነው። ይህም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 13 ቀን 1970 የአፖሎ 13 የኦክስጅን ታንክ ከምድር ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሲፈነዳ ሦስቱ ጠፈርተኞች ድምፁን ሰምተዋል፤ በመንኮራኩሩ አካልና በውስጡ ባለው አየር በኩል መጥቶላቸው ነው። ውጭ ያዩት እሳት አልነበረም፤ ወደ ጨለማው የሚተንን ጋዝ ነው። ከዚያ ጋዝ ጋር መተንፈሻቸውና ኤሌክትሪካቸው እየወጣ ነበር። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ የፍንዳታ ትዕይንት አላውቅም።

የሰው ልጅ በጠፈር ትልቅ ፍንዳታ ፈጥሮም ያውቃል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በጁላይ 9 ቀን 1962 ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ 1.4 ሜጋቶን የኒውክሌር ቦምብ አፈነዱ። የእሳት ደመና አልነበረም፤ የግፊት ማዕበልም ምድር አልደረሰም። ይልቁንም ሰማዩ እንደ ዋልታ ብርሃን ቀላ፤ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው በሚገኙት በሐዋይ ደሴቶች የመንገድ መብራቶች ጠፉ፤ በኋላም በርካታ ሳተላይቶች ተበላሹ። እንዲህ ያለው የኒውክሌር ፍንዳታ በጠፈር የሚጎዳው በጨረርና በኤሌክትሪክ ነው። ይህንን በቅጡ ያሳየ ፊልም ጥቂት ነው።

ፊልሞች በጠፈር ፍንዳታ ዙሪያ ስለሚያሳዩት ቀለበትም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ጀምሮ፣ በጠፈር አንድ ነገር ሲፈነዳ ጠፍጣፋ የብርሃን ቀለበት እየሰፋ መሄዱ ልማድ ሆኗል፤ በ1997 የታደሰው «ስታር ዋርስ» ላይም ተጨመረ። ፍንዳታ በሁሉም አቅጣጫ መስፋት ሲገባው በአንድ ገበታ ላይ ብቻ የሚሰፋበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ተፈጥሮ ራሷ ቀለበት አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1987 ብርሃኗ ከ168,000 የብርሃን ዓመት ርቀት የደረሰን ፍንዳተኛ ኮከብ በዙሪያዋ የሚያበሩ ቀለበቶች አሏት። እነርሱ ግን ከፍንዳታው 20,000 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ኮከቧ የተፋችው ጋዝ ናቸው፤ የፍንዳታው ብርሃን ደርሶ አበራቸው። እዚህም ቁልፉ ጊዜ ነው።

ፕላኔት ማፈንዳትን በአጭሩ ልለፈው። በፊልሙ አንድ ጨረር ይተኮስና ፕላኔቷ በአንድ ሰከንድ ትበተናለች። መሬትን የሚያህል አካል፣ ስብርባሪው በራሱ ስበት ተመልሶ እንዳይሰበሰብ አድርጎ ለመበተን፣ ፀሐይ በአንድ ሳምንት ውስጥ የምትረጨው ኃይል በሙሉ ያስፈልጋል። ይህ ልብ ወለድ ነው፤ ልብ ወለድነቱን ይዞ ይኑር።

ስብርባሪው ግን ልብ ወለድ አይደለም። በጠፈር የሚገታው አየር ስለሌለ አንዴ የተወረወረ ቁራጭ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 አንድ የአሜሪካና አንድ አገልግሎቱን የጨረሰ የሩሲያ ሳተላይት ከሳይቤሪያ በላይ 790 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተጋጩ፤ ከምድር ሊታዩ የሚችሉ ከ2,000 በላይ ቁርጥራጮች ተበተኑ። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ ኢቲአርኤስኤስ 1ን፣ ከቻይና ስታመጥቅ ወደዚሁ አደገኛ ሰፈር ነው የላከቻት። ስለዚህ «ግራቪቲ» ያሳየው የስብርባሪ ማዕበል፣ ፍጥነቱና ብዛቱ ቢጋነንም፣ እኛንም የሚመለከት ነው።

ወደ ራሳችን ፊልም ልምጣ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ዳሎልን በመሳሰሉ ስፍራዎች ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምብስ» የሚባል የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አለ። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይሠሩበታል። ዓለም ካለቀች በኋላ ያለ ዘመን ነው፤ ከሰማይ ላይ አንድ ግዙፍ መንኮራኩር ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። የዓለምን ፍጻሜ ፍንዳታ ከማሳየት ይልቅ ከሱ የተረፈውን ያሳየናል፤ እንደ ንዋየ ቅድሳት የሚከበሩ የፕላስቲክ መጫወቻዎችን፣ ባዶ መሬትን፣ ዝምታን። ገንዘብ ስላነሰው ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ሳይንሱም ጥበቡም ከእርሱ ጋር ነው ባይ ነኝ።

ስልክ ይዛችሁ አጫጭር ፊልም የምታቀናብሩ ወጣቶች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የቤንዚን እሳት ምስሉ ላይ አትለጥፉ። እውነተኛው ፍንዳታ ከሐሰተኛው ይረክሳል። ብልጭታ አሳዩ፤ ከዚያ ዝም በሉ። ቦታው አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ አሥራ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የተዋናዩን ፊት ብቻ አሳዩ፤ አድማሱ ላይ አቧራው ቀስ ብሎ ይነሣ፤ ከዚያ ድምፁ ይምጣ፤ መስኮቱ ይንቀጥቀጥ፤ የአምባሰል ገደልም ይመልሰው። ታሪኩ ጠፈር ላይ ከሆነ ድምፁን ከነጭራሹ አጥፉት። ይህን ለመሥራት አንድ ሊትር ቤንዚን አያስፈልግም፤ ሆሊውድም ገና ብዙ ያልሠራበት ነገር ነው።

በመጨረሻ ወላጆችንና መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር አለ። በፊልም ውስጥ ነገሩ ከፈነዳ ፈነዳ፤ ካልፈነዳ ደግሞ ከሽፏል፣ ጀግናው በእጁ ያነሣዋል፣ ሽቦ ይቆርጣል። ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ይህ ትምህርት ገዳይ ነው። ያልፈነዳ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወይም የእጅ ቦምብ ዝገት ቢበላውም፣ ብዙ ክረምት ቢዘንብበትም በውስጡ ያለው ፈንጂ ኦክስጅኑን እንደያዘ ይቆያል፤ ማቀጣጠያውም በትንሽ ንክኪ ሊነሣ ይችላል። ብረቱ ለቁራሌው ይሸጣል ብሎ የሚያነሣው ልጅ፣ በድንጋይ የሚመታው እረኛ፣ በማረሻ የሚገለብጠው ገበሬ ከእርሱ ሮጦ አያመልጥም። እንግዳ ብረት ያየ ሰው አይንካው፤ ድንጋይም አይወርውርበት፤ በመጣበት ዱካ ይመለስ፤ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጎ ሌላውን ያስጠንቅቅ፤ ለቀበሌው፣ ለፖሊስ ወይም በአቅራቢያው ላለ የመከላከያ ሠራዊት ያሳውቅ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ።